የሐምሌ ብር

በኻርቱም ከተማ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው በስተ ምሥራቅ በተንጣለለው የሪያድ ሰፈር፣ ባለጸጎችና የውጭ አገር ሰዎች ከረጃጅም የግንብ አጥር ጀርባ በሚኖሩበትና የማሽተል መንገድ ካፌዎች እስከ እኩለ ሌሊት በመብራት በሚደምቁበት በዚያ ሰፈር፣ የዒድ አል-አድሐ በዓል ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት በየደጃፉ በግ ታስሮ ማየት፣ የሱዳን ጦርነት ከመምጣቱ አስቀድሞ፣ የዓመት ዓመት ልማድ ነበር። በጉም ከኮርዶፋን ሜዳ በጭነት መኪና ተጕዞ በኦምዱርማን ምዕራብ በሚገኘው በሙወይለሕ የከብት ገበያ የተገዛ፣ ጠጕሩ ወደ ቀይ ያደላ፣ ቁመቱ ረዘም ያለ፣ እንደ እኛ አገር በግ ላት የሌለው፣ ጅራቱ እንደ ገመድ ተንጠልጥሎ የሚወርድ ነው። ባለቤቱ ገዝቶ ካሰረው በኋላ ገለባና ውኃ የምታቀርብለት፣ ሌሊት ሲጮኽ ተነሥታ የምታየው፣ በማለዳ ሲታረድም ደሙን ከግቢው የምታጥበው ብዙ ጊዜ ሐበሻይቱ የቤት ሠራተኛ ነበረች።

ከእነዚህ እኅቶች አንዲቱ፣ ከስሜን ተራሮች ግርጌ ካለ የደጋ ቀበሌ የመጣች፣ በሪያድም ስድስት ዓመት የኖረች፣ በአንድ ዓርብ ከቀትር በኋላ ሐበሾች ተሰብስበው ቡና በሚያፈሉበት ቤት ተቀምጣ የተናገረችውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «የጌቶቼን ኸሩፍ ባየሁ ቍጥር» አለች፣ የዐረቡን ስም እንደ ራሷ ቋንቋ አድርጋ፣ «ዓይኔ እሱን ያያል እንጂ ልቤ የእማዬን ሙክት ነው የሚቆጥረው። ይኸ አንዱ በዋጋው የእኛን አገር ሦስቱን ይገዛል። ቢሆንም እኔ እዚህ የምለፋው ሦስት ልግዛ ብዬ አይደለም፤ ያለው አንዱ በሐምሌ እንዳይሸጥብኝ ነው።»

በጥሬ ገንዘብ ስለሚሰጥ ርዳታ ብዙ ተጽፏል፤ በጉባኤም ብዙ ተከራክረውበታል። ይሁን እንጂ ጥቂት ከብት ይዞ ለሚኖር ቤተሰብ ያ ገንዘብ ምን እንደሚያደርግለት ለመረዳት ለሚፈልግ ሰው፣ ከዚህች ሴት ቃል የተሻለ መግቢያ እኔ በበኩሌ አላገኘሁም። እኛ የውጭ ታዛቢዎች የተረጂውን በረት ገብተን ስንቈጥር የምንፈልገው አዲስ የተገዛውን ጥጃና ጠቦት ነው፤ የገንዘቡ ዋና ፍሬ ግን ሳይሸጥ የቀረው ነው፤ ሳይሸጥ የቀረ ደግሞ ትናንትም እዚያው ስለ ነበረ ለቈጣሪ ዓይን አይገለጥም።

የሐምሌን ነገር ላስረዳ። በደጋው አገር፣ ባለፈው መኸር የገባው እህል ሰኔ ላይ ጎተራው ሥር ይደርሳል፤ አዲሱ ገና ቡቃያ ነው፤ ስለዚህ ከሐምሌ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ ቤተሰቡ እህል ከገበያ እየሸመተ የሚበላበት ጊዜ ነው። ሁሉም ሸማች በሆነበት ወራት የእህል ዋጋ ይወጣል፤ ለመሸመቻው ሲል ሁሉም ከብቱን እየነዳ ስለሚያወጣ ደግሞ የከብት ዋጋ ይወርዳል፤ እነዚህ ሁለት ዋጋዎች እንደ ጕድጓድ ባልዲ ናቸው፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል። በዚህ ላይ ከነሐሴ 1 እስከ 16 ቀን የፍልሰታ ጾም ስለ ሆነ በክርስቲያኑ አገር ሥጋ ፈላጊ አይገኝም። ነጋዴውም ይህን ሁሉ ያውቃል፤ ባለ በጉ በዝናብ ተደብድቦ፣ ልጁን ርቦት፣ ባዶ ስልቻ በትከሻው አንጠልጥሎ እንደ መጣ ከፊቱ ላይ ያነባል። ያው ሙክት ጥቂት ሳምንታት ቢታገሥና ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ቢወጣ፣ ጾሙም ተፈቶ፣ መስኩም ለምልሞ፣ በጉም ሥጋ ደርቦ፣ ዋጋው ሌላ ይሆናል። እንግዲህ ከሪያድ በሐምሌ የሚላከው ብር የሚገዛው እነዚያን ሳምንታት ነው ማለት ነው።

ያች እኅት ይህን ያወቀችው ተምራ አይደለም፤ ስድስት ክረምት በስልክ ተጨቃጭቃ ነው። የምትልከው በሐዋላ ነበር፤ ሰፈሩ ውስጥ ላለ ባለ ሱቅ የደመወዟን የሱዳን ጊኒ ታስረክባለች፣ ጎንደር ያለው ባልደረባው በማግሥቱ ለወንድሟ ብሩን ይቈጥርለታል፤ ደረሰኝ የለ፣ ፊርማ የለ፣ መተማመን ብቻ ነው። ከዚያ ደውላ፣ «አንተ ልጅ፣ እህሉን ሸመትህ?» ትላለች። «ሸምቻለሁ፣ እታለም።» «ሙክቱስ?» «አለ።» «እስኪ አቅርበውና ልስማው!» አንድ ጊዜ፣ ወንድሟ ስልኩን ወደ ጋጣው አስጠግቶ በጉ እስኪጮኽ ድረስ ዝናብ ላይ እንዳቆመችው፣ ሳቋ እየቀደማት ነገረችን።

አንባቢ ሆይ፣ በከተማ የሚኖር ሰው ከብትን የሚያስበው በሥጋና በወተት መልክ ስለ ሆነ፣ አንዲት ላም ወይም አምስት በግ ለገበሬ ቤት ምን እንደ ሆኑ ማስታወስ ያስፈልጋል። በድሮው አማርኛ ከብት ማለት የቤት እንስሳ ብቻ ሳይሆን ሀብትና ንብረት ሁሉ ነበር፤ ቋንቋው ሁለቱን ያልለየው ኑሮው ስላልለያቸው ነው። በሬው እርሻ ነው፤ አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ እንደርሱ አንድ በሬ ካለው ጎረቤት ጋር ተቀናጅቶ በመቀናጆ ያርሳል፣ በሬ የሌለው ግን መሬቱን ለሌላ ሰጥቶ ከምርቱ ድርሻ ይጠብቃል። ላሚቱ ወተትና ቅቤ ናት፤ የቅቤው ገንዘብም በብዙ ቤት የእመቤቲቱ ስለ ሆነ፣ የላሚቱ መሸጥ ለባል የሀብት መጕደል ሲሆን ለሚስት የገዛ ኪሷ መዘረፍ ነው። እበቱ ኩበት ሆኖ ይነድዳል፤ በጎቹ ለልጅ መታከሚያ፣ ለተዝካር፣ ለግብር የሚመዘዙ የቁጠባ ደብተር ናቸው። እነዚህን ገበሬ በችግር ጊዜ ሲሸጥ ሥርዓት አለው፤ አስቀድሞ ዶሮ፣ ቀጥሎ በግና ፍየል፣ ቀጥሎ ወይፈን ወይም ጊደር፣ ከዚያ ላም፣ በመጨረሻ በሬ። የአንድን ቤት የድህነት ጥልቀት ለመለካት የፈለገ ሰው፣ በዚህ መሰላል ስንተኛው እርከን ላይ እንደ ወረዱ ይጠይቅ።

አበው ክፉ ቀን ብለው የሰየሙት ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የደረሰው ዘመነ ረኃብም ይህንኑ መሰላል አንድ ጊዜ ከሥሩ የሰበረ ነበር፤ ከባሕር ማዶ በመጣ የከብት ቸነፈር ከአገሩ ቀንድ ከብት ከመቶ ዘጠና የሚያህለው አለቀ ይባላል፣ በሬ በማለቁም መሬቱ ጦም አደረ፣ ዳግማዊ ምኒልክም ራሳቸው ዶማ ጨብጠው በመቈፈር ለሕዝቡ አርአያ ሆኑ። ያን ጊዜ ጠገራ ብር የያዘ ሰው ቢኖር እንኳ የሚገዛው እህልና በሬ አልነበረም። ገንዘብ የሚረዳው ገበያው ሲኖር ነው፤ ይህ ነገር ኋላ ላይ ይመለስብናል።

(በዚህ ጽሕፈት ያለው የዘመን አቈጣጠር ሁሉ የኢትዮጵያ ነው።) በአገራችን ለችግረኛ ገበሬ ጥሬ ገንዘብ በመንግሥት ሥርዓት መስጠት የተጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ድርቅ በመጣ ቍጥር ጥሪ ይደረጋል፣ ስንዴ በመርከብ ይመጣል፣ ሲደርስ ግን ገበሬው በሬውን ሸጦ ጨርሷል፤ በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እጁን ለምጽዋት በዘረጋ ጊዜ፣ በየዓመቱ የሚመጣን ችግር በየዓመቱ እንደ ድንገተኛ እየቈጠሩ መኖር እንደማይበጅ መንግሥትም ለጋሾችም ተረዱ። ስለዚህ የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ተመሠረተ፤ ሕዝቡም ሴፍቲኔት ብሎ ስሙን አሳጠረው። መሥራት የሚችለው በቤተሰቡ ቍጥር ልክ ለአንድ ሰው በወር አምስት ቀን እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠርጋል፣ ኵሬ ይቈፍራል፤ አረጋዊውና አቅመ ደካማው ሳይሠራ ይቀበላል። የቀኑ ክፍያ በመጀመሪያ 6 ብር ነበር፤ አምስት ነፍስ ላለበት ቤት በወር 150 ብር መሆኑ ነው። ይህ 6 ብር ያን ጊዜ 3 ኪሎ እህል እንዲገዛ ተብሎ የተተመነ ነበር።

ሐሳቡ የቅን ሰዎች ሐሳብ ነው፤ ዓላማውም በመመሪያው ላይ እንደ ተጻፈው የቤተሰቡን ጥሪት ከመሟጠጥ መጠበቅ ነበር። የተባለው ተፈጸመን? እዚህ ላይ ለአንባቢ ሁለቱንም ወገን ሳልሸሽግ ማቅረብ ይገባኛል። የዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ጥናት ተቋም ሊቃውንት የሴፍቲኔቱን ቤተሰቦች ለዓመታት ተከታትለው፣ አምስት ዓመት የተከፈላቸውን አንድ ዓመት ብቻ ከተከፈላቸው ጋር ቢያስተያዩ፣ የፊተኞቹ በዓመት ውስጥ የሚራቡበት ጊዜ ከአንድ ወር በላይ አጥሮ፣ የከብት ሀብታቸውም በ0.38 መለኪያ በልጦ አገኙት። መለኪያው እንዲህ ነው፤ 250 ኪሎ የሚመዝን እንስሳ አንድ ተብሎ ይቈጠራል፣ ላም 0.7፣ በግ ወይም ፍየል 0.1 ይሆናል። ስለዚህ የአምስት ዓመቱ ልዩነት ወደ አራት በግ የሚጠጋ ነው። አራት በግ በአምስት ዓመት፤ የሚስቅ ቢኖር አራት በግ ኖሮት አያውቅም።

በሌላው ወገን ደግሞ፣ በደቡብ ወሎና በምሥራቅ ጎጃም የገበሬ ቤቶች ላይ የተደረገ ጥናት የሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች የተከሉት ዛፍ ሲጨምር ከብታቸው እንዳልጨመረ፣ ከዚያም በላይ ድንገተኛ ጕዳት ሲደርስባቸው ገንዘቡ ከብታቸውን ከመሸጥ እንዳላዳናቸው አሳይቷል። ይህ የሪያዷን እኅት ነገር የሚያፈርስ ይመስላል፤ ለእኔ ግን የሚያጸናው ነው። የሴፍቲኔቱ ሥራና ክፍያ ከጥር እስከ ሰኔ ባሉት ስድስት ወራት የታቀደ ነበር፤ የከፋው ወር ሐምሌ ሲገባ መዝገቡ ይዘጋል። (ለአቅመ ደካሞች ክፍያው ወደ 12 ወር የተራዘመው ከዓመታት በኋላ ነው።) በዚያ ላይ ክፍያው ይዘገያል፤ የየካቲቱ በግንቦት፣ የግንቦቱ ከዚያ ወዲያ ሲመጣ ገበሬው ከአራጣ አበዳሪ ተበድሮ ቆይቷል፣ ብሩ እንደ ደረሰ ከእጁ ወደ አበዳሪው እጅ ያልፋል። በግ ከተሸጠ በኋላ የመጣ ብር ትንሽ ብር ነው፤ ከመሸጡ በፊት የመጣው ያው ብር ግን በግ ነው። በከተማ ያለ ጸሓፊ አንድ ወረቀት ሳይፈርም ሁለት ሳምንት ቢያሳድር ምንም ያደረገ አይመስለውም፤ በዚያ ሁለት ሳምንት ግን ሦስት ቀበሌ በጎቹን ነድቶ ገበያ ወጥቷል።

ሁለተኛው ፈተና በ1999ና በ2000 ዓ.ም. የመጣው የዋጋ መናር ነበር። የእህል ዋጋ ዕለት በዕለት ሲወጣ 6 ብሩ ያንን 3 ኪሎ መግዛት ተሳነው፤ በ2000 ዓ.ም. ወደ 8 ብር፣ በ2002 ዓ.ም. ወደ 10 ብር ቢያድግም ገበያው ቀድሞት ሄዷል። አስቀድሞ «ብር ይሰጠን» ይል የነበረው ብዙ ሰው «እህሉን ይመልሱልን» ማለት የጀመረው ያን ጊዜ ነው። ጠገራ ብሩ በክፉ ቀን የደረሰበትን እዚህም እናያለን፤ በጥሬ ገንዘብ የሚረዳ መንግሥት የገበያውን ዋጋ በየወሩ ካላየና ክፍያውን አብሮ ካላሳደገ፣ ርዳታው በቍጥር እንዳለ ሆኖ በፍሬ ይመነምናል።

በዚህ ፕሮግራም ቋንቋ፣ ጥሪት ይዞ ከተረጂነት የወጣ ሰው ተመረቀ ይባላል። መመረቅ በእኛ ዘንድ የሽማግሌን ቡራኬ መቀበልም፣ ትምህርት መጨረስም ነው፤ ነገር ግን በቀበሌ ስብሰባ «አንተ ተመርቀሃል» ሲባል ፊቱ የጠቆረ ገበሬ ብዙ ነው፤ ምርቃቱ ለርሱ ከመዝገብ መፋቅ ነውና። የሪያዷ እኅት እናትም ከመጀመሪያው አልተመዘገቡም፤ «ልጅሽ ሱዳን ናት» ተብለው። ልጅቱ ይህን ስትናገር አላዘነችም፣ እንዲያውም ኰራች፤ «እኔ ነኛ ሴፍቲኔቷ!» ብላ።

ነገሩን ወደ ሰፊው ዓለም ወስደን ብናየው፣ በኬንያ ምዕራብ ጊቭ ዳይሬክትሊ የሚባል ድርጅት ለድሆች ቤቶች ያለ ምንም ግዴታ ገንዘብ በስልክ ላከ፤ ለከፊሉ በየወሩ እየከፋፈለ፣ ለከፊሉ በአንድ ጊዜ። ሊቃውንት ገብተው ቢመረምሩ፣ በየወሩ የተቀበለው ገበታው ተሻሻለ፣ በአንድ ጊዜ የተቀበለው ግን ወደ ቋሚ ንብረት፣ ወደ ቆርቆሮ ጣሪያና ይህን ወደ መሰለው፣ አዘነበለ፤ ከብትም ከተገዙት ዋናው ነው። ድሃ ገንዘብ ቢያገኝ ይጠጣበታል የሚለው የጠገበ ሰው ሐሜት ግን አልተገኘም፤ የመጠጥና የትምባሆ ወጪ አልጨመረም። ከዚህ የምንረዳው፣ ጥቂት ጥቂት ብር ያለውን ከብት ይጠብቃል፣ የተጠራቀመ ብር አዲስ ከብት ይገዛል፤ አንዱ የሌላውን ሥራ እንዲሠራ መጠበቅ በወንፊት ውኃ መቅዳት ነው። የእኛ ሰው ይህን ስለሚያውቅ ነው ዕቍብ የፈጠረው፤ የሪያድ ሐበሾችም ዕቍብ ነበራቸው፤ የወሩ ደመወዝ ለእህል፣ ዕቍቡ የደረሰ ዕለት ግን ለጊደር።

ሁለቱ ዓይነት ርዳታዎች የተገናኙበት ቦታም አለ፤ በትግራይ ውቅሮ። በባንግላዴሽ ብራክ የተባለው ድርጅት በ1994 ዓ.ም. የጀመረውን ዘዴ በስድስት አገሮች ለመፈተን በተደረገው ታላቅ ጥናት ኢትዮጵያን የወከለው ውቅሮ ነበር፤ ውጤቱም በ2007 ዓ.ም. ታትሟል። እዚያ ለድሃው ቤት በግ ወይም ፍየል፣ በሬ ወይም የንብ ቀፎ እንደ ምርጫው ይሰጣል፣ የአያያዝ ትምህርትና ክትትል ይጨመርለታል፤ ቤቶቹም ከሴፍቲኔቱ ተረጂዎች የተመረጡ ስለ ነበሩ የዕለት ቀለብ በዚያ በኩል ይመጣል። የተሰጠው በግ እንዳይታረድና እንዳይሸጥ ከምክሩ ይልቅ ያ ቀለብ እንደ ረዳው አልጠራጠርም፤ የራበው ሰው ምክር አይሰማም።

ስለ በሽታና ስለ መኖ አለመናገር ግን አይቻልም። ብር የበግን የጉበት ትል አያወጣም፤ ሐኪምና መድኃኒት በአቅራቢያ ከሌለ የተገዛውም የተጠበቀውም በአንድ ሳምንት ያልቃል። የግጦሽ መሬት በጠበበበት ቀበሌ ሁሉም በርዳታው ብር በግ ቢገዛ ደግሞ የጭዱም የፋጉሎውም ዋጋ ሽቅብ ይወጣል።

በቆላው፣ በቦረና፣ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። የቦረና ሰው መተዳደሪያው ከብት ነው፤ ከብቱ ያለቀበትን የጎሳ ወንድም ቡሳ ጎኖፋ በሚባለው ሥርዓት እያዋጡ ላምና ጊደር ሰጥተው ዳግመኛ ባለ ከብት ያደርጉታል፤ የውጭ ሰው «ርዳታ» ብሎ ከማምጣቱ በፊት የነበረ ርዳታ ይህ ነው። በ1998 ዓ.ም. ድርቅ ከብቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲከሳ ግን ሰጪም ተቀባይም አንድ ሆነ። ያን ጊዜ በሞያሌ አንድ ዘዴ ተሞከረ፤ ነጋዴዎች በርዳታ ድርጅት ብድርና ምክር ተደግፈው 20,000 የሚያህል ቀንድ ከብት ከ5,405 ቤቶች ገዙ፤ አንድ ቤት በአማካይ 186 ዶላር አገኘ። እረኞቹም በዚያ ገንዘብ ለራሳቸው እህል፣ ለቀሪው ከብት መኖና መድኃኒት ገዙ፣ ከፊሉንም ከብት በመኪና ጭነው ሣር ወዳለበት ወሰዱ። እዚህ ላይ ሽያጩ ራሱ መዳኛ ሆነ፤ ምክንያቱም ከብቱ ሳይሞት፣ ዋጋውም ፈጽሞ ሳይወድቅ፣ በጊዜው ተሸጠ። ቆየት ብሎም የግጦሹን ልምላሜ ከሰማይ በሳተላይት እየለካ፣ ሣሩ ሲጠፋ ለእረኛው ገንዘብ የሚከፍል የከብት ኢንሹራንስ በ2002 ዓ.ም. በኬንያ ማርሳቢት፣ በ2004 ዓ.ም. በቦረና ተጀምሯል፤ የዚህም ምሥጢሩ፣ ኋላ እንደ ተሻሻለው፣ ብሩ ከከብቱ ሞት በፊት እንዲደርስ መሻት ነው።

ወደ ኻርቱም እንመለስ። እኅታችን በሪያድ ጌቶቿን እያገለገለች በሐምሌ ብር በምትልክበት ዘመን፣ የሱዳን መንግሥት ራሱ ለገዛ ሕዝቡ ጥሬ ገንዘብ ማደል ጀምሮ ነበር። በየካቲት 2013 ዓ.ም. የጊኒው ዋጋ ለአንድ ዶላር ከ55 ወደ 375 ባሽቈለቈለበት ሰሞን፣ ሰመራት የተባለ ፕሮግራም ተከፈተ፤ ትርጕሙ ፍሬዎች ማለት ነው፤ ለአንድ ሰው በወር 5 ዶላር፣ በሐሳብ ደረጃ ከሕዝቡ ከመቶ ሰማንያው እንዲደርስ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ወታደሮቹ መንግሥቱን ሲገለብጡ ለጋሾች ገንዘባቸውን አገዱ፣ ፍሬውም ሳይበስል ረገፈ። የመንግሥት ርዳታ በመንግሥት ዕድሜ ይወሰናል። የሠራተኛዪቱ ርዳታ ግን ያን ጊዜ አልተቋረጠም።

የተቋረጠው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። በዚያ ቅዳሜ ጧት በሠራዊቱና በፈጥኖ ደራሹ ጦር መካከል ጦርነት ፈንድቶ ከአውሮፕላን ማረፊያው ወገን የተነሣው የመድፍ ድምፅ ሪያድን ከዳር እስከ ዳር አናወጠው፤ ሰፈሩም ከዚያ በኋላ ሠራዊቱ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ከተማይቱን መልሶ እስኪይዝ ድረስ በፈጥኖ ደራሹ ጦር እጅ ወደቀ። በከተማው የቀሩት ሰዎች በየሰፈሩ የወጣቶች ኮሚቴ አቋቁመው፣ ከስደት ወንድሞቻቸው ባንካክ በሚባለው የስልክ ባንክ በላኩላቸው ገንዘብ ድስት ጥደው ተመጋገቡ፤ ገንዘቡ እስከዚያ ከኻርቱም ወደ ውጭ ይፈስ እንደ ነበር አሁን ወደ ውስጥ ይፈስ ጀመር። ያች እኅት ግን ጌቶቿ በሦስተኛው ቀን ጥለዋት ሄደው፣ የሁለት ወር ደመወዝ ሳይከፈላት፣ ከሌሎች ሐበሾች ጋር ተጠግታ ሳምንታት ቆይታ፣ በገዳሪፍ አድርጋ በገላባት በኩል መተማ ተሻገረች። ሐዋላ የሚቀበለው ባለ ሱቅ ወዴት እንደ ደረሰ ማንም አያውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ በስልክ አግኝቼ አነጋገርኋት። «መተማ እንደ ገባሁ መጀመሪያ የደወልሁት ለወንድሜ ነው» አለችኝ። «'እታለም፣ በሕይወት አለሽ?' ብሎ አለቀሰ። ስለ ሙክቱ አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልነገረኝም።» ያ ዓመት ብር ያልደረሰበት ሐምሌ ሆነ፤ እርሷም በመተማና በጎንደር የቀን ሥራ ስትፈልግ ቆይታ ቤቷ የገባችው ከመስቀል በኋላ ነው። «እማዬን ስሜ ስጨርስ ዞር ብዬ ጋጣውን አየሁ። ማገዶ ከምረውበታል። ጊደሪቱም የለችም። ላሚቱ የምትታሰርበት ካስማ ብቻውን ተተክሏል። በሬው ግን በረቱ ውስጥ ተኝቶ ያመሰኳል።» ጥቂት ዝም አለችና፣ «እዚያ ድረስ ወርደው ነው የደረስሁባቸው» አለች።